ደብዳቤ ሲመጣ የሚሰበሰብ ቡድን

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ዩጋንዳ ላይ የሴካፋን ዋንጫ አነሣ። አሠልጣኙ ፍሬው ኃይለገብርኤል ነበር። ልጆቹ የመጨረሻውን ጨዋታ አስተናጋጇን ዩጋንዳን በገዛ ሜዳዋ 3 ለ 2 ረትተው ጨረሱ። ያን ሰሞን ግን የአገሩ ጆሮ ሌላ ቦታ ነበር። ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ፣ ሬዲዮ የሚከፍት ሁሉ የሚከፍተው የጦሩን ወሬ ሊሰማ ነበር። የልጆቹ ድል እንደ ዋዛ አለፈ። እዚህ ምሥራቅ ጎጃም፣ በወረዳችን በደብረ ኤልያስ የአውሮፓ ክለቦችን አሰላለፍ በቃሉ የሚወጣ ጎረምሳ ሞልቷል፤ ይህን ዋንጫ የሚያስታውስ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሰውን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያ ወር ማን ኳስ ያስባል?

የሚገርመኝ ሰላሙ ባለበትም ጊዜ ነገሩ ብዙ አለመለየቱ ነው። ሴካፋ የሚያዘጋጀው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሴቶች ዋንጫ ከ30 ዓመት ዕረፍት በኋላ በመስከረም 2009 ጂንጃ ላይ እንደገና ሲጀመር ታንዛኒያ ወሰደችው፤ ሉሲዎች የምንላቸው ዋናው የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሦስተኛ ወጡ። በ2010 ኪጋሊ ላይ እንደገና ታንዛኒያ፣ በ2012 ዳሬሰላም ላይ ኬንያ፣ በ2014 ንጄሩ ላይ ዩጋንዳ። በዚያ በንጄሩም እኛ ሦስተኛ ነበርን። ጎረቤቶቻችን ዋንጫውን ሲቀባበሉት እኛ ከጎን ቆመን ነሐስ እንለቅማለን። ችሎታ የለም እንዳይባል በክለብ ደረጃ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ሁለት ጊዜ በፍጻሜ ተሸንፈው፣ በነሐሴ 2016 አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ የኬንያን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፈው ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ ወደ ሞሮኮ አልፈዋል። ልጆቹ አሉ። የጠፋው ከልጆቹ በስተኋላ መኖር የነበረበት ብዛት ነው።

ይህን ብዛት ጎረቤቶቻችን ከየት አመጡት? አንዱ መልስ እኛ ጨርሶ የማናውቀው ጨዋታ ውስጥ አለ፤ ኔትቦል ይሉታል። ከቅርጫት ኳስ ተቀድቶ እንግሊዝ አገር ለሴት ተማሪዎች የተበጀ ነው። በአንድ ወገን ሰባት ተጫዋች አለ፤ ኳስ እያነጠሩ መሮጥ የለም፤ የያዘችው በ3 ሰከንድ ውስጥ ማቀበል አለባት። ቀለበቱ በ3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በባዶ ምሰሶ ይንጠለጠላል፤ ከጀርባው ሰሌዳ እንኳ የለውም። እንግሊዝ በገዛቻቸው ብዙ አገሮች ከትምህርት ቤቷ ጋር ይዛው ስለ ገባች ዩጋንዳ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ ውስጥ የልጃገረዶች ጨዋታ ሆኖ ቀረ። እኛ ጋ ያልደረሰው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በዚህ የሚቆጭ ሰውም የለም፣ እኔም አይቆጨኝም። ግን ውጤቱን እንመልከት። በሐምሌ 2015 ኬፕታውን ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ዩጋንዳ ከዓለም አምስተኛ ወጣች። ደቡብ አፍሪካ ስድስተኛ፣ ማላዊ ሰባተኛ።

የኔትቦልን ሕግ የቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዞች ሴት ልጅ በረዥም ቀሚስ፣ እንደ ልቧ ሳትሯሯጥ፣ በተመደበላት ክልል ተወስና እንድትጫወት ብለው ያወጡት ነበር። የመገደቢያ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጨዋታው የሴት በመሆኑ ብቻ ሜዳውም የሴት ሆነ፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ያንን ሜዳ ወንድ አይነጥቃትም። እንደኔ ግምት ከቀለበቱም ከኳሱም የሚበልጠው ይህ ነው።

ወደ ምሥራቅ ጎጃም ልመለስ። የእኛ አገር ሴት እግር ደካማ ነው የሚል ካለ መሰለች መልካሙን ያስታውስ። ደብረ ማርቆስ የተወለደች ናት፤ ነሐሴ 2001 በርሊን ላይ በ10 ሺህ ሜትር በኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ተቀድማ ብር አጠለቀች። ታዲያ በሩጫ ከጎረቤት ጋር ትከሻ ለትከሻ የምንጋፋ ሰዎች በኳስ ለምን ሦስተኛ ሆንን? ሩጫ ስለሚደበቅ ይመስለኛል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትሮጣለች፣ ከወፍጮ ስትመለስ ትሮጣለች፣ እንዳይመሽባት ትሮጣለች፤ ማንም «ተጫወተች» አይላትም። ኳስ ግን አይደበቅም። ሌሎች ልጆች ይፈልጋል፤ የታወቀ ሰዓት ይፈልጋል፤ መንደሩ እያያት «ዛሬ ይህቺ ልጅ ሥራ ፈትታለች» እንዲልና ዝም እንዲል ይፈልጋል። ያን ዝምታ ነው ልጆቻችን ያላገኙት።

በወረዳው ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ስሙ ይቅርና፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። የጎሉ አግዳሚና ቋሚ ባሕር ዛፍ ነው። የተነፋ ኳስ አንድ አለ። ወንዶቹ ለሁለት ተከፍለው ሜዳውን ይዘዋል፤ ሴቶቹ አጥሩን ተደግፈው የወንዶቹን ጃኬት በጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጃኬት ጠባቂ ናቸው። በመሐል ኳሱ ወደ እነሱ ተንከባሎ መጣ። አንዷ፣ ቀጠን ያለች፣ በፕላስቲክ ጫማዋ ጎን እንዲህ አድርጋ መታችው፤ ኳሱ ሜዳውን አቋርጦ የሚጠብቀው ልጅ እግር ሥር ዐረፈ። ማን እንዳያት በጎን ቃኘችና ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠች።

መምህሩን ጠየቅሁት። ወጣት ነው፤ አላፈረም፣ አልተቆጣምም። «ጋሼ፣ ኳሱ አንድ ነው። ለሴቶቹ ብሰጥ ወንዶቹ ክፍሉን ይበጠብጡብኛል። ለሴቶቹ ደግሞ ከዞን የውድድር ደብዳቤ ሲመጣ ቡድን እንሠራለን።» እንዴት ትሠራላችሁ አልኩት። «ረዘም ረዘም ያሉትን እመርጣለሁ። ሳምንት እናለማመዳቸዋለን።» በሳምንት ልምምድ የተላከ ቡድን ስንት ገብቶበት እንደሚመለስ አልጠየቅሁም፤ መምህሩን ማሳጣት ይሆን ነበር። ያለውን አንድ ኳስ ይዞ የሚችለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ይሄው ነገር ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል እያደገ ሲሄድ ግን መጨረሻው የት እንደሚያደርስ የጂንጃና የንጄሩ ነሐስ ይነግረናል።

«ያልሠለጠነ ኅብረተሰብ ስለሆነ ነው» የሚለውን የስብሰባ ወሬ አልቀበልም። ደብረ ኤልያስ ለተማሪ ጊዜ መስጠትን ለሌላው የሚያስተምር አገር እንጂ የሚማር አይደለም። የቅኔ አገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ጉባኤ ቤቶች አንዱ እዚህ ነው። ከሩቅ አውራጃ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ የመጣን የማያውቁትን ልጅ ይህ ገበሬ ከገበታው እየቆረሰ ሲያበላ ኖሯል። ልጁ አያርስለት፣ አያጭድለት። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ አላፊ አግዳሚውም «ይህ ሥራ ፈት» አይለውም። ባለቅኔ የሚወጣው ከሥራ ነጻ በሆነ ሰዓት መሆኑን ሰው ስላወቀ ነው። ከሴትም ቢሆን ይኸው ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ፣ ዐይናቸው ሳያይ ቅኔ ያስተማሩ እናት አፍርቷል። ስለዚህ ዕውቀቱ አለ፤ ለልጃገረድና ለኳስ አልተዘረጋም እንጂ።

እናቶች ጋ የምሰማው ሥጋት ደግሞ ቀላል አይደለም። አንዲት እናት «ወንድም ጋሼ፣ ቁምጣ ለብሳ ሰው ፊት ስትሮጥ ነገ ማን ያገባታል?» አሉኝ። ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርገውም ሒሳቡ በየቤቱ ከዚያ በፊት እንደሚጀመር እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ቁምጣው ግን የማይፈታ ችግር አይደለም፤ በረዥም ሱሪ ይጫወቱ። ኔትቦልስ የተጀመረው በቀሚስ አይደል?

ሌላም ሰው «አሁን ይህ የሚወራበት ጊዜ ነው?» ሊለኝ ይችላል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ ስንት ልጅ ከደብተር እንደ ራቀ እያየን ስለ ኳስ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን ያ የ2014ቱ ዋንጫ ከሐሳቤ አይወጣም። አገር በጭንቅ ላይ ሳለ እነዚያ ልጆች ዩጋንዳ ድረስ ሄደው፣ የሌላውን አገር ልጅ ተፋልመው፣ ጨዋታው ሲያልቅ እጅ ተጨባብጠው ተመለሱ። ኤርትራም በዚያው ውድድር ነበረች። በዚያ ዓመት በዚህ ቀጠና የትኛው ጉባኤ ነው እነዚህን ሁሉ በአንድ ሣር ላይ ያቆመው?

የምለው ትልቅ ነገር አይደለም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ። ስብሰባው ላይ አጥር ይነሣል፣ ወንበር ይነሣል፣ የዘበኛው ደመወዝ ይነሣል። አንድ አጀንዳ ይጨመር፦ ሁለተኛ ኳስ ይገዛ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ ሜዳው የሴቶች ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ወንዶቹ ያኮርፋሉ፤ ያኩርፉ። የቀረው ግን በቃለ ጉባኤ የሚያልቅ አይደለም። በነዚያ ሁለት ቀናት ጀሪካኑን ይዞ ውኃ የሚወርደው ወንድሟ ነው ማለት ነው፤ ጭቅጭቁም የሚነሣው እዚያ ላይ ነው።