ቱርቦ ከማስገጠማችሁ በፊት ፒስተኑን ጠይቁ

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ካደረገ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ተብሏል። ስለ ባትሪው ተጽፏል፣ ስለ ቻርጀሩ ተጽፏል፣ ስለ ዋጋው ተጽፏል። በእጃችን ስላለው አሮጌ መኪና ግን ዝም ብለናል። እሱ አይጣልም። ሞተሩ ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይታደሳል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ይሄኔ ነው «እግረ መንገዳችንን ቱርቦ ብንጨምርበትስ?» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ጥያቄ ነው።

ሁላችሁም በምታውቁት መኪና ላይ እንነጋገር፤ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ። በየወረዳው አምቡላንስ ሆኖ ይሮጣል፣ ቱሪስት ይዞ አፋር ይወርዳል፣ በእርዳታ ድርጅቶች ግቢ ተደርድሮ ይቆማል። ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር የምታገኙት 1ኤችዜድ የሚባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ነው። ቱርቦ የለውም። ጠንካራ ነው፣ ግን ዳገት ላይ ይደክማል።

ድካሙ የእሱ ጥፋት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ 1 ባር አካባቢ የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 0.77 ባር ገደማ ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሩብ ያህል አየር ይጎድልበታል ማለት ነው። አየር ሲያንስ ጉልበት ይቀንሳል፣ ጥቁር ጭስ ይበዛል። ስለዚህ ቱርቦ መፈለግ ቅንጦት ነው አልልም። የማልስማማው በቅደም ተከተሉ ነው። ቱርቦው መጀመሪያ ይገዛል፤ ፒስተን የሚታወሰው ሲቀልጥ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ቁጥር ማወቅ ይበቃል፤ ኮምፕሬሽን ሬሾ ይባላል። ፒስተኑ ታች ሲሆን ከበላዩ ያለው ቦታ፣ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከሚቀረው ቦታ ስንት እጥፍ ነው? በ1ኤችዜድ 22.4 እጥፍ ነው። ናፍጣ ካንዴላ የለውም፤ የሚቀጣጠለው አየሩ ተጨምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነውና ይህ ቁጥር ከፍ ማለቱ በብርዳማ ጠዋት ሞተሩን ያስነሳል። ነገር ግን አስቀድሞ በቱርቦ የተጨመቀ አየር ስታስገቡበት ያው 22.4 በፒስተኑ፣ በቢየላው፣ በቴስታታውና በጓርኒሲዮኑ ላይ ከባድ ጫና ይሆናል።

ቶዮታ ራሱ ምን አደረገ? በዚያው ዘመን፣ በዚያው የሲሊንደር ስፋት (94 ሚሊሜትር) እና በዚያው የፒስተን ጉዞ (100 ሚሊሜትር) 1ኤችዲ-ቲ የተባለ ባለ ቱርቦ ሞተር ሠራ። ሬሾውን ወደ 18.6 አወረደው። ግን ቁጥሩን ብቻ አልቀየረም። በ1ኤችዜድ ናፍጣው መቃጠል የሚጀምረው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ጓዳ ነው፤ በ1ኤችዲ-ቲ ግን በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ በተቦረቦረው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ፒስተኑም ቴስታታውም ሌላ ናቸው። ስለዚህ «የባለ ቱርቦውን ፒስተን አምጥተን እንክተትበት» የሚለው ምክር አይሠራም።

ሌላው አቋራጭ ጓርኒሲዮን ማወፈር ነው። ስሌቱ ያጓጓል። ከ22.4 ወደ 18.6 ለመውረድ በአንድ ሲሊንደር የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቦታ 7 ሲሲ ገደማ ነው፤ ከአንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ቴስታታውን 1 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ይህንኑ ይሰጣል። ችግሩ ያ ቦታ የተገኘው ከጓዳዋ ውጪ መሆኑ ነው። እዚያ የቀረው አየር ከናፍጣው ጋር በደንብ አይገናኝም። ውጤቱ ጠዋት አልነሳም የሚል፣ ሲነሳ የሚያጨስ ሞተር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መልክዓ ምድራችን ነው። አዲስ አበባ ላይ 0.5 ባር እንዲሰጥ የተስተካከለ ቱርቦ ከ0.77 ጋር ተደምሮ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው 1.27 ባር ነው። ጥሩ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ይደሰታል፤ መካኒኩ ይመሰገናል። ያው መኪና ሰመራ ሲወርድ በዙሪያው ያለው አየር ራሱ ወደ 0.96 ባር ይጠጋል። የቱርቦው መቆጣጠሪያ በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ ከሆነ ያንኑ 0.5 ይጨምርበታል፤ ድምሩ ወደ 1.5 ባር ይደርሳል። አየሩ ደግሞ የቆላ አየር ነው፣ የሚጋል። ፋብሪካው ለ1 ባር የሠራው ሞተር አንድ ተኩል እጥፍ ተጭኖበታል። ጉልበት ለማግኘት የፖምፓው ናፍጣ ከፍ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። የጭሱ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የፒስተን አሉሚኒየም ግን 600 እንኳ ሳይሞላ መቅለጥ ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ የተሞከረ መኪና ተሞከረ አይባልም። ፈተናው ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ባለው ረጅም የቆላ መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ በሽተኛ የጫነ አምቡላንስ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? የእኔ አቋም ይህ ነው፤ በመጀመሪያ መኪናው የሚወርድበት ዝቅተኛ ቦታ ይታወቅ፣ ከዚያ የቱርቦው ግፊት ይወሰን፣ ከዚያ ፒስተኑ ይመረጥ። ከፍታው የወሰደብንን ለማስመለስ 0.3 ባር ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ 1.07፣ ሰመራ ላይ 1.26 ባር ይሆናል። ለዚህ የፋብሪካውን ሬሾ የጠበቀ፣ ጥራቱ የታወቀ አዲስ ፒስተን ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ለቱርቦ የተሠራ ሙሉ ሞተር ይፈልግ።

ፒስተን ስትገዙ «ፎርጅድ ነው» የሚለው ቃል ብቻ አያማልላችሁ። ፎርጅድ ፒስተን ጥንካሬ አለው፤ ግን ብዙዎቹ ሲሞቁ ይበልጥ ስለሚሰፉ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋሉ፤ በብርድ ያንኳኳሉ። በየቀኑ ለሚሠራ የናፍጣ መኪና የላይኛው ሪንግ የሚቀመጥበት ቦይ በብረት የተጠናከረ ጥሩ ቀልጥ ፒስተን ይሻላል። ከፒን እስከ አናት ያለው ቁመትም ከድሮው ጋር ይለካ። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ከዋጋው በፊት እነዚህን ጠይቁ።

«እኛ አገር ስንቱ ቱርቦ ገጥሞ በሰላም ይነዳ የለም እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። አውስትራሊያ ውስጥም ለ1ኤችዜድ የተዘጋጀ ቱርቦ በግልጽ ይሸጣል። በሰላም የሚነዱት ግን ግፊቱን ዝቅ፣ ናፍጣውን ልክ ያደረጉት፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ዳሽቦርዳቸው ላይ የገጠሙት ናቸው። ያ መለኪያ ሞተር ከማስወረድ እጅግ ይረክሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለመንግሥትም ለጋራዦችም ነው። አዲስ እንዳይገባ ከተባለ፣ አሮጌው እንዴት እንደሚታደስ ሥርዓት ይኑረው። ሞተር ያደሰ ጋራዥ የፒስተኑን ቁጥርና ልክ፣ የጓርኒሲዮኑን ውፍረት፣ የቱርቦውን ግፊት በአንድ ገጽ ጽፎና ፈርሞ ለባለቤቱ ይስጥ። ቱርቦ የተጨመረበት መኪና ለቦሎ ሲቀርብ ይህን ገጽ ይዞ ይቅረብ። ጎበዝ መካኒኮች በዚህ አይጎዱም፤ ሥራቸው በስማቸው ይመዘገብላቸዋል። የሚጎዳው ሞተሩ መንገድ ላይ ሲቀር «ናፍጣው ነው» ብሎ የሚያመልጠው ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ በሙያው ያላችሁ፣ ሐሳባችሁን ከሥር አስፍሩልን።

ቸር እንሰንብት።