ጓሮና ግድግዳ



ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን ሆለታን የቀድሞ ሰዎች ገነት ይሏት ነበር። ገነት በዓረብኛው ጀነት መሆኑን፣ የሁለቱም ትርጉም የአትክልት ስፍራ መሆኑን ለተማሪዎቻችን ደጋግመን ነግረናል። ይህን የምናስተምረው እኛ ግን እዚያው ሆለታ ቤት ሠርተን ስናበቃ ግቢያችንን ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ አለበስነው። ልጆች ጭቃ ይዘው እንዳይገቡ፣ እንግዳም «ግቢያችሁ እንዴት ያምራል!» እንዲለን ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲያወርደው አደረ። ከቆርቆሯችን የወረደው ውሃ የሚሰርግበት አፈር ስላጣ ሲሚንቶውን ይዞ ወደ ታችኛው ግቢ ተንደረደረ። እዚያ የሚኖሩት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ቤታቸውም የጭቃ ነው። ለሱብሒ ስንነሳ የጓዳቸው ግድግዳ ከሥሩ ተቦርቡሮ፣ ምርጉ ተንዶ፣ ማገሩ ብቻ ቆሞ አገኘነው።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉን፤ የኛ ግቢ ውሃ ነው» አልናቸው።

«የእግዜር ዝናብ ነው ልጄ፤ ምን ታደርጉታላችሁ?» አሉን።

ዝናቡ የአላህ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሲሚንቶው ግን የኛ ነበር። ጂብሪል ስለ ጎረቤት ሐቅ አደራ ማለትን ከማብዛቱ የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስከ መገመት መድረሳቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳ ተምረናል። ቤት ስንሠራ ግን ይህን ትምህርት ከግንበኛው ጋር አላነሳነውም።

ግድግዳውን ከእማማ ልጆች ጋር ሆነን መለስነው። ጭቃው በጤፍ ጭድ ተቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ ጥቂት ቀናት ሲቆይ እንደሚጠነክር፣ የመጀመሪያው ምርግ በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛው እንደማይደረብ ያን ጊዜ አየን። የጭቃ ቤት ጠላቱ ከላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ መሬት ነጥሮ ግድግዳውን ከሥር የሚመታው ውሃ ነው። ስለዚህ የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ ጣሪያውም ከግድግዳው እስከ አንድ ሜትር ቢወጣ ቤቱ ብዙ ዘመን ይቆማል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ መቆፈር ግድ ነው፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ብሎኬት ቢሆንም አይምርም። በዚያ ላይ የተመረገ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ የሆለታ ሰው ይህን ሊንቀው አይገባም።

«የጭቃ ቤት የድሃ ነው» የሚለን አይጠፋም። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የመዲናው መስጂድ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ እንደነበር ማስታወስ ይበቃናል።

በአገራችንም ከሐረር ጁገል የምንማረው አለ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በመዘገባት በዚያች ከተማ የሐረሪዎች ቤት ግድግዳው ወፍራም፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተገነባ፣ በኖራ የተቀባ ነው። ከመንገድ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ግቢውን ነው፤ ሳሎኑ ለአላፊ አግዳሚ አይታይም፣ የቤተሰቡም ገመና ይጠበቃል። በውስጡ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች ደረጃቸውን ጠብቀው ተሠርተዋል። ሰው ይቀመጥባቸዋል፣ ይተኛባቸዋልም። ሶፋ ለመግዛት ዕቁብ የሚጠብቁ ሙሽሮች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። የሐረርን ጠፍጣፋ ጣሪያ ግን ወደ ሆለታ አናምጣው። እዚህ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳልና ጣሪያችን ተዳፋት ይሁን።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ እንግዲህ በዓመት 60,000 ሊትር ይቀበላል ማለት ነው፤ አምስተኛው ባክኖ ቀረ ብንል እንኳ 48,000 ሊትር ይተርፋል። እኛ ይህን ሁሉ ነበር በእማማ ግድግዳ ላይ የለቀቅነው! አሁን አሸንዳ አድርገን ወደ 2,000 ሊትር ሮቶ መልሰነዋል። አንድ ብርቱ ዝናብ ይሞላዋል፤ የተረፈውም ከግድግዳ ሁሉ ርቆ በተቆፈረ፣ ድንጋይ በተሞላ ጉድጓድ ይሰርጋል።

ሲሚንቶውን ከግማሽ በላይ ፈልጠን አነሳነው። ባለቤታችን ከሥሩ የወጣውን የደነደነ አፈር በፍግ እያለዘበች አንድ ዓመት ሙሉ ደክማበታለች፤ የጓሮው ባለሙያ እሷ እንጂ እኛ አይደለንም። ድንች፣ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት አለን። የድንቹ ዘር እዚሁ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው አንዱ የሆነው ጉደኔ ነው። ከጉራጌ ዘመዶቻችን ያየነውን ይዘን እንሰት ከቤቱ ጀርባ ተክለናል። ባሕር ዛፍ ግን በዚህ ጠባብ ግቢ አይታሰብም፤ ውሃውን ጠጥቶ ለጎመኑም ለጎረቤትም አይተርፍም።

የዉዱእ ውሃም እንደ ቀድሞው ወደ ቦይ አይሄድም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊትር በማይሞላ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር እያወቅን፣ የኛ ልጆች ቧንቧ ከፍተው ሦስት ሊትር ያፈሳሉ። ለስድስት ሰው በቀን አምስት ጊዜ ሲባዛ 90 ሊትር ነው። ልጆቹን መምከራችንን አልተውንም፤ እስኪሰሙን ግን ሳሙና ያልነካው ይህ ውሃ በቀጭን ቦይ ወደ ጎመኑ ይወርዳል።

ገና ያልሠራችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሆለታ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። በብርዱ ወራት ፀሐይ የምትሄደው ደግሞ በደቡብ በኩል ነው። ስለዚህ ሰፋፊ መስኮቶቻችሁን ወደ ደቡብ ብታደርጉ ሳሎኑ ይሞቃል፤ የሰሜኑ ግድግዳ ያለ መስኮት ቢቀር ሰጋጁ ፊት ለፊቱ የሚያየው ስለማይኖር ሐሳቡ አይበተንም። የኛ መስኮት ወደ ሰሜን ነው፤ ዘግይተን ስላወቅን በታኅሣሥ ጋቢ ለብሰን እናነባለን።

ባለፈው ክረምት የእማማን ግድግዳ ደጋግመን ስናየው ከረምን። እሳቸው ታዝበውን ኖሮ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ የዳማከሴ ችግኝ አቀበሉን። «ውሃው እንኳን ቀረላችሁ፤ ይችን ደግሞ በደረቁ ጊዜ አትርሷት» አሉን። ከአሸንዳው አጠገብ ተክለናታል።