የደንብ ልብስና የወላጅ ድምፅ

በቺካጎ ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ ብሮንዝቪል በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር፣ አንድ ግዙፍ የጡብ ሕንጻ ቆሟል። የተሠራው በ1914 እና በ1915 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ዓላማው የጥቁሮች ስምንተኛ ሬጅመንት መሣሪያውን የሚያኖርበትና ሰልፍ የሚለማመድበት እንዲሆን ነበር። በዚያች አገር ለጥቁሮች የጦር ክፍል ተብሎ የታነጸ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ሕንጻ መሆኑ ይታወቃል። ለዓመታት ተዘንግቶ ሲፈራርስ ከቆየ በኋላ ታድሶ በ1999 የቺካጎ ወታደራዊ አካዳሚ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ። ተማሪው የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ተሰልፎ ይማራል። ትምህርት ቤቱ ግን የግል አይደለም፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደርና የትምህርት ክፍያ የማይጠየቅበት ነው። በ2009 የምድር ጦርን፣ የባሕር ኃይልን፣ የአየር ኃይልንና የማሪን ጓድን አርአያ የተከተሉ መሰል ትምህርት ቤቶች በዚያው ከተማ ስድስት ደርሰው ነበር።

ስለ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚካሄደው ክርክር ለረጅም ጊዜ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ቆይቷል። ደጋፊዎቹ ዲሲፕሊን የተማሪውን ውጤት ከፍ አድርጎታል ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የድሃ ልጅ ከመማሪያ ክፍል ወደ ጦር ሰፈር እየተነዳ ነው ይላሉ። በሁለቱም አባባል ውስጥ እውነት አለ። ሁለቱም ግን አንድ ወሳኝ ወገን ዘንግተዋል፤ እርሱም ወላጁ ነው። የተማሪ ውጤት ከየት እንደሚመነጭ በትክክል ለመመርመር የሚሻ ሰው ከደንብ ልብሱ በፊት ወላጁ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የቆመበትን ቦታ ማየት ይገባዋል።

በቅድሚያ ወታደራዊው አሠራር ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤት እንዴት እንደገባ ባጭሩ እንመልከት። የታዳጊ ተጠባባቂ መኮንኖች ማሠልጠኛ ኮር፣ በምህጻሩ ጄአርኦቲሲ የሚባለው ድርጅት፣ በሕግ የተቋቋመው በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። በ1964 በወጣ ሌላ ሕግ ተስፋፋ። ትልቁን እርምጃ የወሰደው ግን በ1992 ነው። በዚያ ዓመት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የደበደቡት ፖሊሶች በፍርድ ቤት ነጻ መባላቸው የሎስ አንጀለስን ከተማ በአመፅ አቀጣጠላት። ከዚህ በኋላ የጦር ኃይሎች የጋራ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ኮሊን ፓወል ፕሮግራሙ በከተማ ድሆች ትምህርት ቤቶች በስፋት እንዲቋቋም ገፉበት። ዛሬ ወደ 3,500 በሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይሠራል፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ ተማሪዎችም ታቅፈውበታል። አስተማሪዎቹ ጡረታ የወጡ መኮንኖችና የበታች ሹማምንት ሲሆኑ፣ ደመወዛቸውን ጦሩና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይጋሩታል። ከዚህም የምንረዳው ለሥራ አጥነት፣ ለቤት እጦትና ለፖሊስ ግፍ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የሰልፍ ልምምድ እንደ ነበር ነው።

ይሁን እንጂ ልጃቸውን ወደ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚልኩትን እናቶችና አባቶች እንደ ተታለሉ ሰዎች መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። ሌሊት በሆስፒታል ጽዳት ወይም በመጋዘን ሥራ የምታድር እናት፣ ልጇ በሰላም ገብቶ በሰላም የሚወጣበትን፣ መምህሩ በስሙ የሚያውቀውን፣ የቀረ እንደ ሆነ ለምን ቀረህ ብሎ የሚጠይቀውን ትምህርት ቤት ብትፈልግ የሚያስወቅሳት ምንም ነገር የለም። በሰፈሯ ያለው ሌላው ትምህርት ቤት መስኮቱ የተሰበረ፣ መምህሩ በየዓመቱ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ምርጫዋ በሰልፍና በመጻሕፍት መካከል ሳይሆን በሥርዓትና በሥርዓተ አልበኝነት መካከል ነው። ችግሩን የሠራችው እርሷ አይደለችም። ስለዚህ ትችቱ መነጣጠር ያለበት ይህን ጠባብ ምርጫ ባቀረበላት አሠራር ላይ ነው።

አሁን ወደ ውጤቱ ጉዳይ እንግባ። ቺካጎ ውስጥ ወደ ወታደራዊ አካዳሚ ለመግባት ማመልከቻ ማስገባት፣ የተወሰነ የትምህርት ውጤት ማሟላትና በማስተዋወቂያ ስብሰባ ላይ መገኘት ሲያስፈልግ ቆይቷል። ይህም ማለት ገና ትምህርት ሳይጀመር ማጣራት ተካሂዷል ማለት ነው። ቅጹን በወቅቱ የሞላ፣ በስብሰባው ላይ የተገኘ፣ ልጁን ያሳመነ ወላጅ ያለው ተማሪ ነው በሩን አልፎ የሚገባው። ከዓመታት በኋላ የዚህን ተማሪ ውጤት ማንንም ሳይመርጥ ከሚቀበለው የሰፈር ትምህርት ቤት ተማሪ ውጤት ጋር አስተያይቶ «ይህ የደንብ ልብሱ ፍሬ ነው» ማለት፣ የተመረጠ ዘር በለማ መሬት ዘርቶ ምርቱን ለአጥሩ ማመስገን ነው።

የብራዚል ልምድ ይህንኑ ያጎላዋል። በዚያች አገር ከ1889 ጀምሮ የቆየ፣ በምድር ጦሩ የሚተዳደር የትምህርት ቤት ዓይነት አለ። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የወታደር ልጆችና ብርቱ የመግቢያ ፈተና ያለፉ ናቸው፤ ለአንድ ተማሪ የሚወጣውም ገንዘብ ከተራው የሕዝብ ትምህርት ቤት እጅግ ይበልጣል። ፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ በመስከረም 2019 ባወጡት ድንጋጌ የሲቪልና የወታደር ቅይጥ ትምህርት ቤቶችን ፕሮግራም ሲያቋቁሙና እስከ 2023 ድረስ 216 ትምህርት ቤቶችን ለማቀፍ ሲያቅዱ፣ ደጋፊዎቻቸው እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱት የነዚያን የጦሩ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ውጤት ነበር። ወደ ተራው ትምህርት ቤት የተላከው ግን ገንዘቡና መምህሩ ሳይሆን፣ ጸጉርንና አለባበስን የሚቆጣጠር ጡረተኛ ወታደር ነው። በፓራና ክፍለ ግዛት በ2020 የወጣው ሕግ ደግሞ በማታ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን ከፕሮግራሙ ውጭ አድርጎ ነበር። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማረው ወጣት ሠራተኛ ከሌለበት፣ የአንድ ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ማንም ሳይደክም ከፍ ሊል እንደሚችል ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ ውጤት ከየት ይመጣል? ሶሲዮሎጂስቱ ጄምስ ኮልማን በ1966 ለአሜሪካ መንግሥት ባቀረበው ዝነኛ ሪፖርት፣ በተማሪዎች መካከል ለሚታየው የውጤት ልዩነት ከሕንጻውና ከመሣሪያው ይልቅ የቤተሰብ ኑሮ ከፍ ያለ ድርሻ እንዳለው አሳየ። ብዙዎች ይህን ግኝት «እንግዲህ ለድሃ ልጅ ትምህርት ቤት ምንም አይጠቅመውም» ብለው ተረጎሙት፤ ይህ ግን የተዛባ ትርጉም ነው። ኮልማን ራሱ በ1987 ከቶማስ ሆፈር ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው የሚወጡት ለምን በጣም ጥቂት እንደ ሆኑ ሲያብራራ፣ ምክንያቱን ያገኘው በወላጆች መተዋወቅ ላይ ነው። የልጄን ጓደኛ አባት ካወቅሁት፣ ልጆቹ ከትምህርት ሲቀሩ ሁለታችንም እንሰማለን። በሰፈር ማኅበር ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት የፕሮፌሰር ማብራሪያ አያስፈልገው ይሆናል፤ ሆኖም ነገሩ በጥናት መደገፉ መልካም ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። የወላጅ ተሳትፎ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የቤት ሥራ ላይ ተቀምጦ መርዳት ነው። ሂልና ታይሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2009 በመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ግን ያገኙት ከዚህ የተለየ ነው። ከውጤት ጋር በጥብቅ ተያይዞ የተገኘው ወላጅ ስለ ትምህርት ጥቅም ከልጁ ጋር መነጋገሩ፣ የልጁን የወደፊት ዓላማ አብሮ ማቀዱና ትምህርቱን ከሕይወት ጋር ማገናኘቱ ሲሆን፣ የቤት ሥራ እርዳታ ግን እንዲህ ያለ መልካም ግንኙነት አልታየበትም። ይህ ፊደል ላልቆጠረ ወይም አልጀብራ ላልተማረ ሠራተኛ ታላቅ ዜና ነው። እኩልታውን መፍታት ባይችልም፣ ልጁ ነገ የት መድረስ እንዳለበት አብሮ መምከር ይችላል።

እዚህ ላይ ዋናው ቅራኔ ይገለጣል። ቺካጎ በ1988 በወጣ ሕግ የአካባቢ የትምህርት ቤት ምክር ቤቶችን ያቋቋመች ከተማ ናት። በየምክር ቤቱ ስድስት ወላጆች፣ ሁለት የአካባቢው ነዋሪዎችና ሁለት መምህራን በምርጫ ይቀመጣሉ፤ ርእሰ መምህሩን ይመርጣሉ፣ ይገመግማሉ፣ በጀቱን ያጸድቃሉ። ከአሥሩ መቀመጫዎች ስድስቱ የወላጆች መሆናቸውን ልብ ይሏል። የመራጩ ቁጥር ከጊዜ በኋላ እየቀነሰ ቢሄድም፣ በአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ውስጥ ለተራው ወላጅ ይህን ያህል ሥልጣን የሰጠ ሕግ ማግኘት ያስቸግራል። ወታደራዊ አካዳሚዎቹ ግን ለብዙ ዓመታት ሲመሩ የቆዩት እንዲህ ባለው ምክር ቤት ሳይሆን፣ የከተማው የትምህርት ቦርድ በሚሾመው የገዥዎች ቦርድ ነበር። የወላጆች ድምፅ ቢሰበሰብም ምክር እንጂ ውሳኔ አልነበረም። ዲሲፕሊንን ከሁሉ በላይ አድርጎ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት፣ ወላጅ በድምፁ ማዘዝ የማይችልበት ትምህርት ቤት ሆኖ ተገኘ።

ድምፅ የሌለው ወላጅ ምን እንደሚገጥመው በ2022 በግልጽ ታየ። የቺካጎ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ባወጣው ሪፖርት፣ በአንዳንድ ተራ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ወደ ጄአርኦቲሲ እንዲገቡ ተደርጎ እንደ ነበር አረጋገጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ዲትሮይትንና ሎስ አንጀለስን ጨምሮ በሌሎችም ከተሞች ልጆች ሳይጠየቁ መመዝገባቸውን አጋለጠ። ምክንያቱ የአንድ ክፉ ሹም ተንኮል ብቻ አይደለም። በሕጉ መሠረት አንድ የማሠልጠኛ ክፍል ጸንቶ እንዲቆይ ቢያንስ 100 ተማሪዎች ወይም ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች 10 በመቶው ሊኖሩት ይገባል። ቁጥሩ ከጎደለ ፕሮግራሙም፣ ጦሩ የሚጋራው ደመወዝም ይቋረጣል። የስፖርት ወይም የሙዚቃ መምህር ለመቅጠር ገንዘብ ያጠረው ትምህርት ቤት ደመወዙ በከፊል የተከፈለለትን መምህር ይዞ ለመቆየት ልጆቹን በዝርዝሩ ላይ ይሞላል። የወላጁ ፈቃድ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም ነበር።

ብራዚል በአንድ በኩል ከዚህ የተሻለች ትመስላለች። በ2019 ፕሮግራም ትምህርት ቤቱ ከመለወጡ በፊት የአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲጠየቅ ተደንግጎ ነበር፤ በብዙ ስፍራም ወላጆች ድምፅ ሰጥተው ተቀብለውታል። ነገር ግን የድምፅ ወረቀቱ ጥያቄ ወታደር ይምጣ ወይስ አይምጣ የሚል ነው። ተጨማሪ መምህር፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የምሳ አዳራሽ ይምጣ የሚል ምርጫ አልቀረበበትም። ወላጁ አንድ ጊዜ ድምፁን ከሰጠ በኋላም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፕሬዚዳንት ሉላ በ2023 የፌዴራሉን ፕሮግራም ሲሰርዙም ብዙ ክፍለ ግዛቶች በራሳቸው በጀት ቀጥለውበታል፤ ሳን ፓውሎ በ2024 የራሱን ሕግ አወጣ።

የወላጅ ተሳትፎ ከበጎ ፈቃድ ብቻ የሚመነጭ አለመሆኑም ሊሰመርበት ይገባል፤ ጊዜ ይጠይቃል፣ የሠራተኛው ጊዜ ደግሞ የተሸጠ ነው። ቺካጎ የምትገኝበት የኢሊኖይ ግዛት ሠራተኛው ስለ ልጁ ትምህርት ለመነጋገር በትምህርት ዓመቱ ውስጥ እስከ 8 ሰዓት፣ በአንድ ቀንም ከ4 ሰዓት ሳይበልጥ ከሥራው እንዲለቀቅ የሚያስገድድ ሕግ አለው። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ የሠራተኛ ማኅበራት በሌላም ስፍራ ሊጠይቁት የሚገባ ነው። ሆኖም አሠሪው ለእነዚያ ሰዓቶች ደመወዝ እንዲከፍል ሕጉ አያስገድድም። በሰዓት ተከፍሎት የሚኖር አባት በትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ለመገኘት ከዳቦው ይቀንሳል። ከዚያም ባይመጣ «ወላጆች ግድ የላቸውም» የሚል ሪፖርት ይጻፍበታል።

ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ የሆነ የባዕድ ነገር ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትልና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በእነዚሁ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉ። በ2001 በምክር ቤት የጸደቀውና በ2015 በተተካው ሕግ ውስጥም የቀጠለው ድንጋጌ፣ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ስም፣ አድራሻና ስልክ ለጦሩ መልማዮች ሲጠየቅ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ወላጅ በጽሑፍ ከተቃወመ ግን አይሰጥም። ዝምታ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል ማለት ነው። ማስታወቂያው በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ከክትባት ቅጽ፣ ከምሳ ቅጽና ከአውቶቡስ ሰሌዳ ጋር ተደርቦ በእንግሊዝኛ ወደ ቤት ሲመጣ፣ አባት ከሌሊት የታክሲ ሥራ ተመልሶ ተኝቷል፣ እናት ወደ ሥራ ወጥታለች፤ ወረቀቱን አንብቦ የሚያስረዳቸው ያው ስሙ በዝርዝሩ ላይ ያለው ልጅ ነው።