መድፏና ሸራው

በካርቱም የአባይ ዳር ስለሚደረገው የሸራ ጀልባ እሽቅድምድም ወሬ ሲነሣ፣ «የእንግሊዝ ሹማምንት ትርፍራፊ ነው፤ ከእነርሱ ጋር ቢቀር ማን ይጎዳል?» የሚል ፍርድ ይከተላል። ፍርዱ የተንጠለጠለው በአንዲት መርከብ ላይ ነው። የብሉ ናይል የሸራ ጀልባ ክበብ ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤቱን ያደረገው በመሊክ ላይ ነበር። መሊክ በ1896 በለንደን ተሠርታ፣ ተፈታትታ ወደ ሱዳን የተጓዘች፣ በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት የኻሊፋውን ሠራዊት በመድፍ የደበደበች የኪችነር መርከብ ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ የወንዙ ሙላት ዳር አውጥቶ አስቀራት። ይህን የሚያውቅ ሱዳናዊ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ስሕተቱ መድፏንና ሸራውን በአንድ ክስ ማቅረብ ነው።

ሸራ በዚያ ወንዝ ላይ ከእንግሊዞች በፊት ነበረ። የኦምዱርማን አናጢዎች ኑገር የሚባለውን የጭነት ጀልባ ከግራር ጣውላ ገጣጥመው በነፋስ ይነዱት ነበር፤ ሄሮዶቱስ ስለ ግብፅ የጻፈው የግራር ጀልባ አሠራርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግሊዞች ያመጡት የውድድር ደንብን ነው። በ1930ዎቹ በሞርጋን ጃይልስ ንድፍ ከብረት የተሠሩት የካርቱም ጀልባዎች ሁሉም በአንድ ልክ የወጡ ነበሩ። ባለጠጋው የተሻለ ጀልባ ገዝቶ መቅደም አይችልም ማለት ነው። በቅኝ ዘመን የክበቡ በር ለማን ይከፈት እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ ያ ግን የበረኛው ኃጢአት እንጂ የጀልባው አይደለም።

ሁለት ሰው የሚነዳውን ትንሽ ጀልባ ልብ ብሎ ያየ «የጌቶች ጨዋታ» ለማለት ይቸገራል። አንዱ መሪውንና ትልቁን ሸራ ይይዛል። ሁለተኛው የፊቱን ሸራ ይጠብቃል፤ ነፋሱ ሲበረታም ሰውነቱን ከጠርዙ አሳልፎ ወደ ውጭ በመዘርጋት ሚዛን ይሆናል። ጀልባው ሲዞር ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ከሸራው አግዳሚ ዘንግ ሥር ጎንበስ ብለው ጎን ይለውጣሉ። አንዱ ቢዘገይ ጀልባው ይገለበጣል፤ አለቃና ምንዝር ብሎ አይለይም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የካርቱም ነፋስ ከሰሜን ይመጣል፤ ወንዙ ወደ ምዕራብ ስለሚፈስ ነፋሱ ጎን ለጎን ይመታል፤ ጅረቱ ደግሞ ሁሉን ወደ ሞግራን ይጎትታል። በውቅያኖስ ላይ በሁለት ሰው የሚደረገው ውድድርም በዚሁ ሕግ ያድራል፤ ልዩነቱ አንዱ ሲተኛ ሌላው ነቅቶ መጠበቁ ነው። ከፈረንሳይ ለ ሃቭር ወደብ ተነሥቶ አትላንቲክን የሚያቋርጠው ስመ ጥር ውድድር የሚከተለው የጥንቱን የቡና ንግድ መንገድ ነው። (የቡና አገር ልጆች በዚያ መንገድ ላይ አለመታየታቸው ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል።)

«ለሐበሻው ምኑ ነው?» የሚልም አይጠፋም። በሀገር ቤት አባይ ግንድ ይዞ የሚዞር ማደሪያ የለሽ ነው፤ ሸለቆው ጀልባ አያሳልፍም። በ2004 እ.ኤ.አ. ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን፣ ሁለቱ ብቻ፣ ከምንጩ አካባቢ ተነሥተው ሜዲትራኒያን መድረሳቸው የዓለም ወሬ የሆነው ለዚህ ነው። ካርቱም ላይ ያው ወንዝ ገር ይሆናል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በኖሩበት በጅሬፍ ዳርቻ ከሀገር ቤት በወረደ ደለል ጡብ ሲመታ ኖሯል። በጣና ታንኳ የሚኮራ ሰው ያንን ዳር ለዓመታት ረግጦ አንድ ቀን ውኃው ላይ ሳይወጣ ቢቀር፣ ምክንያቱን በኪችነር ማሳበብ አይችልም።

ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ፈነዳ፤ የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። ጥገናው ሲመጣ መሊክ ጠበቃ አታጣም፤ በእንግሊዝ ሀገር በስሟ ማኅበር እስከ መቋቋም ተደርሷል። ለትንንሾቹ ጀልባዎች የሚሟገት ግን እምብዛም አይሰማም። የተቀደደ ብረታቸውን የኦምዱርማን በያጅ ሊደፍነው ይችላል። በያጅ የማይመልሰው ጀልባ ወደ ውኃ የሚወርድበትን የዳር ቁራጭ ነው፤ እርሱ ለሆቴል ከመከለሉ በፊት ለሸራ ይመደብ፤ የሠልጣኞቹም መዝገብ ከጅሬፍና ከዴም ልጆች፣ ሱዳናዊውን ከሐበሻው እያጣመረ፣ ሁለት ሁለት እየተደረገ ይጀመር።