የሁለት ሌሊት ክፍልና የዕድሜ ልክ ቤት

በዛሬው ዓምዳችን ራቅ ወዳለ ስፍራ፣ ወደ ግብፅ ደቡብ ልውሰዳችሁ። ለጋብቻቸው መታሰቢያ፣ ወይም ልጆች ከፍ ካሉ በኋላ፣ ገንዘብ አጠራቅመው ለዕረፍት ወጣ የሚሉ ባለትዳሮች ጥቂት አይደሉም። መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ ዕረፍት ምን ይዘን እንመለሳለን?

አስዋን በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሴዌኔ ተብላ የተጠራችው ከተማ ናት። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 29 እና 30 ግብፅን ከዳር እስከ ዳር ሲጠቅስ የደቡቡ ዳርቻ አድርጎ ያነሣት እርስዋን ነው። ከከተማዋ ፊት ለፊት፣ በአባይ መካከል፣ ኤሌፋንታይን የምትባል ደሴት አለች። ርዝመቷ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በሰሜን በኩል ሞቨንፒክ የተባለው ሆቴል ከሩቅ በሚታይ ረጅም ሕንፃ ቆሟል። እንግዳ የሚሻገረው በሆቴሉ ጀልባ ነው። ከክፍላችሁ ሰገነት ላይ ሆናችሁ ሸራቸውን ዘርግተው የሚያልፉትን ፈሉካ የተባሉ ጀልባዎችና የማዶውን የአሸዋ ኮረብታ ታያላችሁ። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደስ ይላል፤ በበጋቸው ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

እንዲህ ያለ ክፍል ርካሽ አይደለም። ታዲያ የከፈላችሁት ለአልጋውና ለመዋኛ ገንዳው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደሴት ላይ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት የለም፤ ስብሰባ የለም፤ ለእንግዳ ቡና ማፍላት የለም። የገዛችሁት ሁለታችሁ ብቻ የምትሆኑበትን ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት ቀኑን ሙሉ በጉብኝት ሩጫ፣ ማታውን በስልክ ብትጨርሱት ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው።

መጎብኘቱም አይቅር። ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው አቡ ሲምበል፣ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሐይቅ እንዳይውጠው እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 ተቆራርጦ 65 ሜትር ያህል ወደ ላይ የተነሣ ቤተ መቅደስ ነው። በትልቁ መቅደስ ፊት የንጉሥ ራምሴስ ቤተሰብ ሐውልቶች ከንጉሡ ጉልበት አይበልጡም። ለንግሥት ነፈርታሪ በተሠራው በትንሹ መቅደስ ፊት ግን የእርስዋ ሐውልቶች ከንጉሡ ጋር እኩል ያህል ቁመት አላቸው። ባለትዳሮች ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን እዚያው በደሴቲቱ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ከሆቴሉ ወጥታችሁ ወደ ከተማው ተሻገሩ፤ ከዚያም የመንደሩን ሰው በሚያመላልሰው ጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተመለሱ። ኑቢያውያን በሚኖሩባቸው መንደሮች በጠባቡ መንገድ አልፋችሁ በደቡብ ጫፍ ካለው ፍርስራሽ ትደርሳላችሁ። በዚያ የአባይን ከፍታ የሚለኩበት፣ ወደ ወንዙ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። የግብፅ ሹማምንት የውሃውን ከፍታ አይተው የዓመቱን ግብር ይገምቱ ነበር። ያ ሙላት በአብዛኛው የእኛው አገር የክረምት ዝናብ ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት በዚህች ደሴት የአይሁድ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር። ቤተ መቅደስም ነበራቸው፤ በ410 ከክርስቶስ ልደት በፊት ፈረሰባቸው። የኖሩበትን ኑሮ የምናውቀው በአራማይስጥ ከጻፏቸው የፓፒረስ ጽሑፎች ነው። ከእነዚህም መካከል በዛሬው ጊዜ በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን ሙዚየም የሚገኙት የአንድ ቤተሰብ ሰነዶች ናቸው።

ባልየው አናንያ የቤተ መቅደሱ አገልጋይ ነበር። ሚስቱ ታሙት ግብፃዊት ባሪያ ነበረች። በ449 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲጋቡ ይዛ የገባችው ንብረት በውሉ ላይ አንድ በአንድ ተጽፏል፤ አንድ የሱፍ ልብስ፣ መስተዋት፣ ጫማና ጥቂት ዘይት፣ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። በ437 አናንያ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ቤት ገዛ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ434፣ የዚያን ቤት ከፊል ለታሙት በጽሑፍ ሰጣት። ልብ በሉ፤ እርስዋንና ልጃቸውን ነፃ የሚያወጣውን ጽሑፍ ጌታዋ የጻፈው ገና በ427 ነው። ሌላው ሰው ባሪያ በሚላት ጊዜ ባልዋ የቤት ባለቤት አደረጋት።

ወገኖቼ፣ ዛሬ በየቤታችን እንዲህ ያለ ጽሑፍ አለ? በአገልግሎት ዘመናችን ደጋግመን ያየነው ነገር አለ። ባል በድንገት ይለያል። ሚስት የባንክ ደብተሩ የት እንደሆነ፣ ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ከማን ዕዳ እንዳለ አታውቅም። የለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ የዘመድ ክርክር ይጀመራል። ሚስት ስትቀድምም ባል የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያና የዕቁቡን ነገር ከሰው ሲጠይቅ ይገኛል። ይህ የፍቅር ማነስ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ለመነጋገር ሰዓት ስላልተገኘ ነው፤ ወይም ስለ ሞትና ስለ ንብረት ማንሣት ያለመተማመን ስለሚመስል ነው።

ስለዚህ ወደ አስዋን ብትሄዱ፣ ወይም አቅማችሁ ለቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቢሆን፣ ከዕረፍታችሁ አንድ ምሽት ለዚህ ለዩ። አንተ ወንድሜ፣ ያለህንና ያለብህን ሁሉ ዘርዝረህ ንገራት። አንቺም እህቴ፣ ከገበያ ገንዘብ እያተረፍሽ ያስቀመጥሽው ካለ አውጪው። ያለ ፍርሃት ተጠያየቁ፤ የጋራ የሆነው በሁለታችሁ ስም ይሁን፤ መጻፍ ያለበት በሕግ ፊት ይጻፍ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን።

የሆቴሉን ክፍል ቁልፍ በሦስተኛው ቀን ለእንግዳ ተቀባዩ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። የቤታችሁን ቁልፍ ግን ሁለታችሁም እንደያዛችሁ ትኖራላችሁ። የአናንያና የታሙት ጽሑፍ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይነበባል። የእናንተስ የት ተቀምጧል? ዛሬ ማታ ተጠያየቁ። ትዳራችሁ የተባረከ ይሁን።