ከጣና ደሴቶች የትኛው ይሻለናል?



የትምህርት ዘመን ሊፈጸም ሲቃረብ በየክፍሉ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም «ለዕረፍት ወዴት እንሂድ?» የሚለው ነው። እኛ የባሕር ዳር ልጆች ስለ ሆንን ጣና ሲባል ሁላችንም እጃችንን እናነሣለን። ነገር ግን «ከጣና ደሴቶች ወደ የትኛው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ሰው ዝም ይላል፤ የሚመልስ ቢገኝም ስሙን ደጋግሞ የሰማውን ደሴት ብቻ ይጠራል። እኔ ግን ደሴት መመረጥ ያለበት በዝናው ሳይሆን ተጓዦቹ እነማን እንደ ሆኑና ምን እንደሚሹ ታይቶ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንንም አሳቤን በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ለመግለጽ እወዳለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሐይቁ ጥቂት ልበል። ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታም 1,800 ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ በተፈጥሮ ከእርሱ የሚወጣው ወንዝ ግን ዓባይ ብቻ ነው። በላዩ ላይ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት መኖሪያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ሐይቁንና አካባቢውን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መካከል መዝግቦታል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ባንድ ቀን ማዳረስ ስለማይቻል መምረጥ ግድ ይሆናል።

ሰው ለዕረፍት ሲወጣ የሚፈልገው ነገር ልዩ ልዩ ነው። ስለዚህ ደሴቶቹን እንደ ተጓዡ ጠባይ ከፋፍዬ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ረጅም የጀልባ ጉዞ የማይወድ፥ ወይም ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዞ የሚወጣ ሰው ይኖራል። ለእንዲህ ያለው ደብረ ማርያም ትበቃዋለች። ደሴቲቱ ለከተማችን ቅርብ ናት፤ የምትገኘውም ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ መንገዱን ከሚጀምርበት ስፍራ አጠገብ ነው። በዚያ አካባቢ ዕድል የቀናው ጉማሬ ያያል፤ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀዝፈውንም ሰው አይቶ ይደነቃል። ጧት ሄዶ ለምሳ ከቤት መድረስ ይቻላል።

ሁለተኛ፤ ታሪክ የሚወድ አለ። ለእርሱ ዳጋ እስጢፋኖስን የሚያህል የለም። በደን የተሸፈነው የዚህ ደሴት ገዳም የአፄ ይኩኖ አምላክን፥ የአፄ ዳዊትን፥ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብን፥ የአፄ ዘድንግልንና የአፄ ፋሲልን አስከሬን ጠብቆ ይኖራል። በክፍል ውስጥ በመጽሐፍ የምናነብባቸው ነገሥታት በዚያ አርፈው ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ለባሕር ዳር ቀረብ ያለው ክብራን ገብርኤልም በጥንታውያን የብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለውን ጣና ቂርቆስን ደግሞ አባቶች ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት የተቀመጠችበት ነው ብለው ይተርኩታል፤ ለመሳለም የሚወጣ ሰው ልቡ ወደዚያ ቢያዘነብል አያስደንቅም።

ሦስተኛ፤ ዛፍና አዕዋፍ የሚወድ፥ በጥላ ሥር መራመድ የሚያስደስተው አለ። እርሱ ወደ ዘጌ ይሂድ። በእርግጥ ዘጌ ደሴት ሳይሆን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘ ምድር ነው፤ ቢሆንም የደሴት ጠባይ አለውና ከዚህ ላስገባው እወዳለሁ። በአገሩ ትውፊት መሠረት በዚያ በበሬ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ስለ ሆነ ደኑ ሳይመነጠር ቆይቷል፤ ሕዝቡም በዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና እያለማ ይኖራል። በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም መቅደስ ግድግዳዎች ላይ ያሉት ሥዕሎች ሥዕል ለሚማር ተማሪ የሚሰጡት ትምህርት ብዙ ነው።

አራተኛ፤ ሰፊ ጊዜ ያለውና ከከተማ ሁካታ መራቅ የሚሻ ሰው ደቅን ይምረጥ። ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ገበሬዎች ያርሱበታል፥ ከብትም ያሰማሩበታል። በምዕራብ ዳርቻውም በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይገኛል። እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል እስካሁን በዚያው አለ። መንገዱ ረጅም ስለ ሆነ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

አምስተኛ፤ «እኔስ የምሄደው ለመዋኘት ነው» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ወዳጄ ምክሬ አጭር ነው። ጣና የቢልሃርዝያ በሽታ የሚገኝበት ውሃ ነው፤ ጉማሬውም ለዋናተኛ አይራራም። ስለዚህ መዋኘት የፈለገ ሌላ ስፍራ ይፈልግ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል በሥርዓታቸው መሠረት ሴቶችን አያስገቡም። ይህን የማያውቅ የለም፤ ጉዞ ሲታቀድ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ የተማሪዎች ቡድን ጋር ወደ ክብራን ሄደን ነበር። ሴቶችም ወንዶችም ያዋጣነው ገንዘብ እኩል ነበር። ወንዶቹ ወደ ገዳሙ ሲወጡ እኛ ከዳር ቀርተን እስኪመለሱ ድረስ ጠበቅናቸው። በመመለሻችን ላይ እነርሱ ስላዩት መጻሕፍት ሲጫወቱ እኛ የምንጨምረው ነገር አልነበረንም። በማግስቱ ስለ ጉዞው ድርሰት ጻፉ ስንባል አንዲት ጓደኛዬ ስለ ውሃው ማዕበል ብቻ ጽፋ ሰጠች።

ይህን ስል የገዳማቱ ሥርዓት ይለወጥ ማለቴ አይደለም። ሥርዓቱን የሠሩት በዚያ በጸሎት የሚኖሩ አባቶች ናቸው፤ እኛ ለአንድ ቀን የምንሄድ እንግዶች ነን። እንግዳ የሰው ቤት ገብቶ ደንብ አያወጣም። እኔ የምነቅፈው ገዳሙን ሳይሆን ሳያስብ የመረጠውን ሰው ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ በችኮላ የተያዘ ዕቅድ ከጀልባ ማረፊያው ላይ ይፈርሳል።

አንዳንዶች «እንግዲያው ወንዶቹ ወደ ክብራን ይውጡ፥ ሴቶቹ በአጠገቡ ወዳለው ወደ እንጦስ ኢየሱስ ይሂዱ» ይላሉ። እንጦስ ለሴቶች የተፈቀደ ስለ ሆነ ይህ ከዳር ከመቀመጥ ይሻላል፤ አልክድም። ነገር ግን የክፍል ጉዞ ጥቅሙ አንድ ነገር አብሮ አይቶ ስለዚያው አብሮ መከራከር ነው። ተለያይተን የምናይ ከሆነ በአንድ ጀልባ መሳፈራችን ምን ይረባናል? «ታዲያ ወንዶቹ በእኛ ምክንያት ዳጋን ሳያዩ ይቅሩን?» ለሚሉም መልስ አለኝ። ወንድሞቻችን ከአባቶቻቸው ወይም ከጓደኞቻቸው ጋር በሌላ ቀን ሊሄዱ ይችላሉ፤ መንገዱ ክፍት ነው። የትምህርት ቤቱ ቀን ግን የክፍሉ ሁሉ ቀን ነው።

ስለ ሆነም ወንድና ሴት በአንድነት ለሚማሩበት እንደ እኛ ላለ ትምህርት ቤት ምርጫዬ ግልጽ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ካለን ወደ ደቅ ሄደን ናርጋ ሥላሴን እንይ፤ በንግሥት የታነጸውን ይህን ቤተ ክርስቲያን ሴቶችም ይሳለሙታልና። ጊዜው አጭር ከሆነ ዘጌ ይበቃናል፤ ታሪኩም፥ ሥዕሉም፥ ደኑም በአንድ ስፍራ ይገኛሉ፤ ሁላችንም እንገባለን።

ከመነሣታችን በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች መመለስ ይገባናል። ከመካከላችን የማይገባ ሰው አለን? ያለን ጊዜ ለመሄድና ለመመለስ ይበቃል ወይ? የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ከሚያውቅ ሰው ጠይቀናል ወይ? ጀልባው ለእያንዳንዳችን የሕይወት አድን ጃኬት አለው ወይ? ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ መነሻችን በጧት ቢሆን መልካም ነው። ልብሳችንም ለገዳም የሚገባ፥ ነጠላ ያልጎደለው ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እንቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳርቻ ሲያስጨንቅ፥ ዓሣ አጥማጁንም ሲያስቸግር ኖሯል። ወደ ደሴት የምንሄድ ተማሪዎች የፕላስቲክ ጠርሙሳችንንና ቆሻሻችንን ሰብስበን ብንመለስ ሐይቁ ካለበት ችግር ላይ ሌላ አንጨምርበትም።

እናንት መምህራኖቻችን፥ የሚመጣውን ዓመት ጉዞ ስታቅዱ ከደሴቱ ስም አስቀድማችሁ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ተመልከቱ። እናንት ወላጆቻችንም ገንዘቡን ስትከፍሉ «ልጄ ከዚያ ደርሳ ትገባለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ወንድሞቼ፥ በክፍል ውስጥ ድምፅ ሲሰጥ ከጎናችሁ የተቀመጠችውን እኅታችሁን አስታውሱ። ጣና ለሁላችንም የሚበቃ ደሴት አለው፤ የቀረን መርጦ መሄድ ነው።