ለመንገድ መኪና የውድድር ማርሽ ምን ይሠራል?

የመንገድ መኪናን በውድድር መኪና አምሳል የማስጌጥ ልማድ ዓለምን ካዳረሰ ቆይቷል። ከሁሉም ይልቅ እጅ የሚበዛበት የማርሽ ዘንጉ ነው። አንዱ የዘንጉን ጉዞ ያሳጥራል፤ ሌላው እጀታውን በከባድ ብረት ይተካል፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ካምቢዮውን እንዳለ አስወርዶ እንደ ራሊ መኪና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የሚሳብ ማርሽ ያስገጥማል። ሻጩም ገዢውም የሚያቀርቡት ምክንያት አንድ ነው፦ ለውድድር የበጀ ለመንገድማ እንዴት አይበጅ የሚል። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ደግሞ የምርጫና የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ ካምቢዮው ውስጥ የሚሆነውን ያየ ሰው ሊፈርደው የሚችል ጉዳይ ነው።

ርካሹና የተለመደው ማሻሻያ የዘንጉን ጉዞ ማሳጠር ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚደረገው ዘንጉ ከሚወዛወዝበት ኳስ በታች ያለውን ክንድ በማስረዘም ነው። ከኳሱ በላይ 300፣ ከኳሱ በታች 60 ሚሊ ሜትር ያለው ዘንግ ለምሳሌ ይወሰድ። ማርሽ ለማስገባት የታችኛው ጫፍ 12 ሚሊ ሜትር መሄድ ካለበት እጅ 60 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። የታችኛው ክንድ ወደ 85 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የእጁ ጉዞ ወደ 42 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ነጂው በዚህ ይደሰታል፤ ማርሹ "ጠቅ" ብሎ የገባ ይመስለዋልና። ነገር ግን ያንኑ ማርሽ ለማስገባት እጁ የሚያወጣው ጉልበት ከ40 በመቶ በላይ ጨምሯል። ሻጮች በማሸጊያው ላይ የሚጽፉት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን የሚጽፍ አይገኝም።

ችግሩ የእጅ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ትችት ባላስፈለገው ነበር። ጉልበቱ የሚያርፈው ሲንክሮናይዘር በሚባለው ክፍል ላይ ነው። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ይህን ብልሃት በመኪኖቹ ላይ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ነጂዎች ፍሪሲዮን ሁለት ሁለት ጊዜ እየረገጡ፣ የሞተሩን ዙር በጆሮ እየለኩ ነበር ማርሽ የሚቀይሩት። ሲንክሮናይዘር ያንን ሥራ ከነጂው ተረከበ። ዘንጉ ሲገፋ አንድ ቀጭን የነሐስ ቀለበት በሚሽከረከረው ማርሽ ሾጣጣ ትከሻ ላይ ይጫናል። ሁለቱ ይፋተጋሉ። ፍጥነታቸው እስኪስተካከል ድረስ የቀለበቱ ጥርሶች መግቢያውን ዘግተው ይይዛሉ፤ ሲስተካከል ይለቁታል፣ ማርሹም ያለ ድምፅ ይገባል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ነው፤ ቢሆንም ያቺን ቅጽበት ይፈልጋታል። ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅ ደግሞ የበለጠ ይፈልጋታል። የቀድሞዎቹ የፌራሪ መኪኖች ባለቤቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ካምቢዮው እስኪሞቅ ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ስለሚላቸው ከአንደኛ በቀጥታ ወደ ሦስተኛ የሚያሻግሩ ብዙዎች ናቸው።

ዘንጉን ያሳጠረ ነጂ ቀለበቱ ሥራውን እስኪጨርስ አይጠብቅም። መጠበቅ ቢፈልግማ ዘንጉን ባላሳጠረው። በላዩ ላይ ከባድ እጀታ ከተጨመረ የእጀታው ክብደት ራሱ ቀለበቱን እየገፋ ይረዳል፤ ማርሹ የለሰለሰ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ውስጥ ያለው መፋተግ ግን አልቀነሰም፤ ነጂው እንዳይሰማው ተደረገ እንጂ። ቀለበቱ ሳስቶ ሲያልቅ መጀመሪያ ሁለተኛ ማርሽ ማንኮሻኮሽ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ሦስተኛ፤ መካኒኩ ካምቢዮ ይውረድ እስኪል ድረስ።

ከዚህ የከፋ አደጋም አለ። አንዳንዶቹ አጫጭር ዘንጎች የጎን ርቀቱንም አብረው ያጠባሉ። በሦስተኛና በአምስተኛ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ፣ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ያሰበ እጅ ሦስተኛ ውስጥ ይገኛል። መኪናው በፍጥነት ላይ ከሆነ ጎማዎቹ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክሩታል። የዙር መገደቢያ ኮምፒዩተር ነዳጅ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ከጎማ የሚመጣውን ዙር ግን ሊያቆመው አይችልም። ቫልቮች ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ያበቃለታል።

ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የሚሳበው የራሊ ማርሽ ጉዳይ ለብቻው ሊነገር ይገባል፤ ብዙዎች የሚመኙት እሱን ነውና። በዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ ውስጥ በአብዛኛው ሲንክሮናይዘር የሚባል ነገር የለም። በምትኩ በቁጥር ያነሱ፣ ወፋፍራም፣ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ያላቸው ጥርሶች አሉ፤ እነሱም በአንድ ምት ይያያዛሉ። ጥርሶቹ ጤና የሚኖራቸው ነጂው ሳያመነታ በኃይል ሲመታ ነው። ዝግ ብሎና ለስለስ አድርጎ የሚቀይር ሰው ጥርሶቹን ጫፍ ለጫፍ ያጋጫቸዋል፤ ጠርዛቸው ይዶለዱማል፤ ከዚያ በኋላ ማርሹ ነዳጅ ሲሰጠው እያመለጠ ይወጣል። በከተማ ውስጥ ከመብራት ወደ መብራት እየተሳበ የሚሄድ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ዝግ እያለ መቀየር። በጥንቃቄ የሚነዳን ሰው የሚቀጣ ካምቢዮ ለከተማ መንገድ አልተሠራም።

ሌላም ነገር አለ። የተለመደው ካምቢዮ ከአምስተኛ በቀጥታ ወደ ሁለተኛ መግባትን ይፈቅዳል፤ ይኸኛው ግን አራተኛንና ሦስተኛን እየረገጠ ካልወረደ አይሆንለትም። ጥርሶቹ ሰያፍ በመሆን ፈንታ ቀጥ ብለው የተቆረጡ ሲሆኑ ደግሞ ካምቢዮው ያለማቋረጥ ያላዝናል። የራስ ቁር ደፍቶ፣ በጆሮው ማዳመጫ አድርጎ ለሚወዳደር ሰው ይህ ምንም አይደለም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ለሚያደርስ አባት ግን የየዕለት ስቃይ ነው።

ዕድሜውም እንደዚያው ነው። በፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ደንብ አንድ ካምቢዮ አራት ተከታታይ ውድድሮችን እንዲያገለግል ሲጠየቅ እንደ ትልቅ ጫና ተቆጥሮ ነበር። የአንዱ ውድድር ርዝመት ደግሞ 305 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልምምዱና ማጣሪያው ቢታከልበት እንኳ፣ ለቤተሰብ የተሠራች ቶዮታ በአንድ ካምቢዮ ከምትሄደው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ጋር የሚወዳደር አይደለም። በውድድር ዓለም ካምቢዮ ይፈታል፣ ይመረመራል፣ የተዶለዶመው ይለወጣል፣ እንደገና ይገጠማል። የቡድኑ መካኒኮች ለዚህ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። የመንገድ መኪና ባለቤት ያ ቡድን የለውም።

የራሊ መኪና ዘንግ ከመሪው አጠገብ ረጅም ሆኖ መቆሙም ምክንያት አለው። ነጂው ለቁመቱ ከተለካና ከማይንቀሳቀስ ወንበር ጋር በብዙ ማሰሪያ ተጠፍሯል፤ እጁን ከመሪው ማራቅ አይችልም። ከዚህ የቀረውን ደንብ ይወስነዋል። በዓለም የራሊ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2011 ከመሪው ጀርባ ያለው መቀየሪያ ተከልክሎ ዘንግ ተመለሰ፤ በ2015 መቀየሪያው ተፈቀደ፤ በ2022 እንደገና ወደ ዘንግ ተዞረ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ወጪ መቀነስ ነበር። በየጎዳናው የሚያስቀናው ያ ረጅም ዘንግ ታዲያ የበላይነት ምልክት አይደለም፤ የወንበር፣ የማሰሪያና የበጀት ውጤት ነው።

ውድድር በራሱ ሎጂክ ሲሄድ ወዴት እንደሚያመራ ደግሞ ታሪኩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 በሪዮ ዴ ጄኔሮ በተካሄደው የብራዚል ግራን ፕሪ ናይጀል ማንሰል ፌራሪ 640ን ይዞ ቀረበ። ንድፉን የሠራው ጆን ባርናርድ የማርሽ ዘንጉን ጨርሶ አስወግዶ በመሪው ጀርባ ባሉ ሁለት መቀየሪያዎች ተክቶት ነበር። ዘንጉና ተያያዥ ብረቶቹ ሲወጡ የነጂውን ክፍል ማጥበብ ተቻለ፤ እጅም ከመሪ አልተለየም። በልምምድ ጊዜ ደጋግሞ የተበላሸው ያ መኪና ይጨርሳል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር፤ ማንሰል ግን አሸነፈ። ፌራሪ በ1997 ያንኑ ዓይነት መቀየሪያ በኤፍ 355 የመንገድ መኪናው ላይ አወጣው። ዛሬ በፎርሙላ ዋን የማርሽ ዘንግ የሚባል ነገር የለም። ውድድር የሰውን እጅ ለማፍጠን አልደከመም፤ ከሥራው አስወጣው።

የዚህ ልማድ ደጋፊዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት ጠንካራ ክርክር አለ፤ ሊሰማም ይገባዋል። እኛ የምንፈልገው ሰከንድ መቆጠብ አይደለም፣ መኪናውን በእጃችን መዳሰስ ነው ይላሉ። ፍላጎቱ እውነተኛ ነው። ፖርሼ እ.ኤ.አ. በ2013 ጂቲ 3 የተባለውን መኪናውን ከትራክ ሰዓት አንጻር ፈጣን በሆነው ባለሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ብቻ ሲያቀርብ ማኑዋል ወዳዶች አጥብቀው ተቃወሙ። በ2016 ማኑዋል ካምቢዮ ያለው 911 አር ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ማኑዋሉ ወደ ጂቲ 3 ተመለሰ። ይህ ምሳሌ ግን የሚመሰክረው በውድድር ማርሽ ደጋፊዎች ላይ ነው። ሰዎቹ የወደዱት ማርሽ በሰዓት ሲለካ ዘገምተኛውን ነበር። የእጅ ደስታ የፈለገ ሰው ከውድድር ሱቅ የሚሸምተው ነገር የለም።

ደስታው የሚገኘው ካምቢዮ፣ ዘንግ፣ ፍሪሲዮንና ወንበር አብረው ሲታሰቡ ነው። ማዝዳ ኤምኤክስ 5 እና ሆንዳ ኤስ 2000 በማርሻቸው የተመሰገኑት አጭሩ ዘንግ ገመድ ሳይጎትት በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ስለተቀመጠ፣ ካምቢዮውም ለዚያ ጉዞ ስለተሠራ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲቪክ ታይፕ አር ላይ ዘንጉን ከወለል አንሥቶ ወደ መሪው ሲያስጠጋ መሐንዲሶቹ ተያያዥ ክፍሎቹን ሁሉ አብረው ቀይረዋል። በአንድ ከሰዓት ጋራዥ ውስጥ የሚገጠም ዕቃ ይህን አያመጣም።

ደኅንነት የሚባለው ነገር ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙም ሲነሣ አይሰማም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው ደንብ ቁጥር 21 በመኪና ውስጥ የሚያፈነግጡና የሚያቆስሉ ነገሮችን ይገድባል፤ የማርሽ ዘንግም ከሚመለከታቸው አንዱ ነው። በግጭት ጊዜ የተሳፋሪ ጉልበትና ጭንቅላት የት እንደሚያርፍ ታስቦ የተሠራን እጀታ በጠንካራ ብረት መተካት ያንን ሐሳብ መሻር ነው። የራሊ ማርሽ ደግሞ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ዘንጉን በማየት የትኛው ማርሽ እንደገባ ማወቅ አይቻልም። ይህ ቀላል የሚመስለው ማንም ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የሆነውን ያስታውስ። የተወሰኑ የጂፕ ግራንድ ቼሮኪ፣ የዶጅና የክራይስለር አውቶማቲክ መኪኖች ከተገፋ በኋላ ወደ መሐል የሚመለስ ዘንግ ነበራቸው፤ ነጂዎች ፓርኪንግ የገባ እየመሰላቸው ይወርዱ ነበር። አምራቹ ኩባንያ በሚያዝያ ወር ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና ጠራ። በሰኔ ወር ተዋናዩ አንቶን ዬልቺን በሎስ አንጀለስ ቤቱ ቁልቁለት ላይ የራሱ ግራንድ ቼሮኪ ተንሸራቶ ገደለው። ያ ዘንግ የውድድር ዘንግ አልነበረም፤ የዘንግ ጠባይ መቀየር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግን አሳይቷል።

በአዲስ አበባ የመኪና ዲኮር ቤቶች የሚያብረቀርቁ እጀታዎች ተደርድረው ይሸጣሉ፤ ገዢዎቹም በብዛት ወጣቶች ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያሉት ማኑዋል መኪኖች ረጅም ዘመን ማገልገል አለባቸው። በሶማሌ ተራ የሚሸጥ የሲንክሮናይዘር ቀለበት በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ካምቢዮ የማውረጃው የእጅ ዋጋም ቀላል አይደለም።

ማርሹ የሚያስቸግረው ባለመኪና ሌላ መንገድ አለው፤ ያውም ርካሽ። የዘንጉ የጎማ ቡሾች ሲያልቁ ማርሹ ይዝላል፤ ይለወጡ። የካምቢዮው ዘይት ዕድሜው ካለፈ ወይም ለነሐስ ቀለበት የማይስማማ ዓይነት ከሆነ ማርሹ ይከብዳል፤ አምራቹ ባዘዘው ዘይት ይተካ። ፍሪሲዮኑ በደንብ የማይለቅ ከሆነ ምንም ዓይነት ዘንግ አያድነውም፤ እሱ ይስተካከል። መወዳደር ለሚሻም የውድድር ማርሽ ቦታው የታወቀ ነው፦ በተዘጋ ትራክ፣ ለዚያ በተዘጋጀ መኪና ላይ። ለዕለት መንገድ የተሠራው መኪና ግን በተሠራበት ማርሽ ይነዳ፤ ለዘንጉ የታሰበው ገንዘብም ለቡሽና ለዘይት ይዋል።